«መስጊድ ነበር» ያሉት ሽማግሌ አልተሳሳቱም

ጠያቂዋ የሚኖሩት ዋሽንግተን አካባቢ ነው። የጻፉት እንዲህ ይላል፦

«እናቴ የተወለደችው ጎንደር ዙሪያ፣ ድሮ ፈላሾች ይኖሩባት በነበረች መንደር ነው። እዚያ አንዲት ክብ የጭቃ ቤት አለች። የሣር ክዳኗ በአንድ ጎን ወድቋል፣ ግድግዳዋም በዚያው በኩል አብጧል። አንዱ ‹የሦስት ሺህ ዓመት ምኩራብ ነው› ይላል። ሌላው ‹ክብ ስለሆነ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ነበር› ይላል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ‹መስጊድ ነበር› ብለው ጭራሽ ግራ አጋቡኝ። እስራኤል ካሉ የሰፈሩ ልጆች ጋር ገንዘብ አዋጥተናል። ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለስነን፣ ቆርቆሮ አልብሰን፣ አናቱ ላይ ትልቅ የዳዊት ኮከብ ልናቆም ነው። ውስጡንም ወንበርና የኦሪት ጥቅልል ማስቀመጫ ሣጥን ልናስገባለት አስበናል። አሁን ሚያዝያ ነው፤ ክረምት ሳይገባ ብንጨርስ ደስ ይለናል። ትክክል ነን?»

አራት ፎቶ አያይዘዋል።

ሲሚንቶውን አትግዙ። ገዝታችሁ ከሆነም ለሌላ ሥራ አውሉት። ምክንያቱን ወደ ታች እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ቤቱ ምን እንደነበረ መግባባት አለብን፤ የምትጠግኑት ያንን ነውና።

ሽማግሌው ልክ ናቸው። ቤተ እስራኤል፣ እርስዎ ፈላሾች ያሏቸው የኢትዮጵያ አይሁድ፣ የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉታል፤ «ጸሎት ቤት» ማለትም የተለመደ ነው። ቃሉ «ሰገደ» ከሚለው የግእዝ ግስ ጋር አንድ ሥር አለው፤ የሚሰገድበት ቦታ ማለት ነው። በኅዳር ግድም ተራራ ወጥተው የሚያከብሩት የስግድ በዓል ስሙን ያገኘው ከዚያው ሥር ነው። የእስልምናው መስጊድ በዐረብኛ በኩል የመጣ የዚሁ የሴም ቋንቋዎች ሥር ዘመድ በመሆኑ ጆሮ ይሳሳታል እንጂ፣ ሽማግሌው ስለ እስላም መስጊድ አልነገሩዎትም። እንዲያውም የባለቤቶቹን ቃል ሳይለውጡ የጠበቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። «ምኩራብ» እኛ ከወንጌል ንባብ የለመድነው ስም ነው። እግረ መንገዴን፣ «ፈላሾች» ያሉት በክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን ባለቤቶቹ የማይወዱት ስም ነው፣ «ካይላ»ም እንደዚያው። ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ ላይ ለጎብኚ የተተከለው ሰሌዳ «ፈላሻ መንደር» ስላለ እናንተም አትድገሙት። ሰሌዳ የምታቆሙ ከሆነ «የቤተ እስራኤል መስጊድ» ብላችሁ ጻፉ፤ አንባቢ ግር ካለው ከሥሩ አንድ መስመር ማብራሪያ ይበቃዋል።

«ክብ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ነበር» የሚለው ነገሩን ገልብጦታል። የአክሱም ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ክብ አልነበሩም፤ የላሊበላ ውቅሮችም ክብ አይደሉም። ክቡ ቤተ ክርስቲያን በመካከለኛውና በሰሜኑ ደጋ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቅርጹም የገበሬው ጎጆ ነው። ቤተ እስራኤልም የሚያውቁት፣ የሚያንጹት፣ የሚኖሩበት ያንኑ ጎጆ ነበር። ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ ጫካ እንጨት፣ ከአንድ መስክ ሣር አምጥተው ሲሠሩ ቤታቸው ቢመሳሰል ማን ከማን ሰረቀ አይባልም። ደግሞም ሁሉም መስጊድ ክብ አልነበረም፤ አራት ማዕዘን ሆነው የተሠሩም ነበሩ። የበሩ አቅጣጫም ብቻውን ምስክር አይሆንም። ቤተ እስራኤል የሚጸልዩት ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው ነው፤ ከጎንደር ሲታይ ደግሞ ኢየሩሳሌም ያለችው በስተሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነው። በር ግን የሚከፈተው ለጸሎት ብቻ ተብሎ አይደለም፤ ነፋስንና ዶፍንም ይሸሻል።

የሦስት ሺህ ዓመቱን ነገር ተዉት። የሕዝቡ ታሪክ ረጅም ስለሆነ ቤቱ ረጅም ዕድሜ አለው ማለት አይደለም። ሦስተኛው ፎቶዎ ላይ ምርጊቱ በወደቀበት በኩል ቋሚዎቹ ይታያሉ፤ ባሕር ዛፍ ናቸው። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በምኒልክ ጊዜ፣ በ1890ዎቹ ነው (ካልተባለ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፤ መጀመሪያም የተተከለው አዲስ አበባ ነው። ጎንደር ገጠር ገብቶ ለቤት ቋሚ የሚሆን ያህል እስኪያድግ ድረስ ተጨማሪ ዓመታት አልፈዋል። ከማገሮቹ አንዳንዶቹ በልጥ እንደታሰሩ ናቸው፤ ሌሎቹ በፋብሪካ ሚስማር ተመትተዋል። ስለዚህ አሁን የምናየው እንጨት የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ በሚስማር የተመታውም የኋላ ጥገና ይመስለኛል። ይህን ስል ቦታው አሮጌ አይደለም ማለቴ አይደለም። የእንጨትና የጭቃ ቤት በየጊዜው እየታደሰ በዚያው መሠረት ላይ ይቆማል፤ ቋሚው ሲበሰብስ ሌላ ይተከላል፣ ሣሩ ሲያረጅ ይገለበጣል። ይሁን እንጂ የዚያ አካባቢ ታሪክም ለአሮጌ ቤት አልተመቸም። በ1888 ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። በዚያው ዓመት የጀመረውና እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ በቤተ እስራኤል ላይ እጅግ የከፋ ነበር፤ ብዙ መንደር ባዶ ቀረ። ከዚያ በፊት ተሠርቶ ሳይለወጥ የቆየ የሣር መስጊድ አገኘሁ የሚል ሰው ቢመጣ እኔ መጀመሪያ እንጨቱን አሳየኝ እለዋለሁ።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ፤ ትልቁን ስሕተት ልትሠሩ የተዘጋጃችሁት እዚያ ነውና። ወንበርና የጥቅልል ሣጥን የዚህ ቤት ዕቃዎች አይደሉም። የቤተ እስራኤል ኦሪት በግእዝ የተጻፈ የብራና መጽሐፍ ነው፤ እንደ ማንኛውም የአገራችን ብራና የሚገለጥ እንጂ የሚጠቀለል አይደለም። ጸሎቱም በግእዝ ነበር። ሰው ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ቆሞ ይጸልያል፣ ይሰግዳል፤ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ ናቸው። ዜማው ነጋሪትና ቃጭል ነበረው። ኦሪቱ የሚቀመጥበት የውስጥ ክፍል ለካህናቱ ብቻ የተለየ ስለነበር ቤቱን ከመኖሪያ ጎጆ የሚለየው አንዱ ምልክት ይህ ክፍፍል ነው። አራተኛው ፎቶ ላይ ወለሉ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ዝቅተኛ የጭቃ ጉብታ ይታየኛል። ከፎቶ ተነሥቼ እርግጠኛ ልሆን አልችልም፤ የመቅደሱ ግድግዳ እግር ሊሆን ይችላል፣ የእህል ጎተራ ማቆሚያም ሊሆን ይችላል። ወንበር ለማስገባት ወለሉን ብታስተካክሉት ግን የትኛው እንደነበር ማንም አያውቅም። ዕብራይስጡ፣ የቶራው ጥቅልልና ሣጥኑ ከዓለም አይሁድ ጋር ከተገናኙ በኋላ የመጡ ናቸው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ዛሬ ወደ እስራኤል ለመሄድ የሚጠባበቁት ወገኖች የሚጸልዩበት ሰፊ የቆርቆሮ አዳራሽ በዚያ ሥርዓት የተሰናዳ ነው። ያ የራሱ ታሪክ አለው፤ የናንተ ቤት ታሪክ ግን ሌላ ነው።

የዳዊት ኮከቡም እንደዚሁ። የአይሁድ ምሁሩ ጆሴፍ ሃሌቪ ከፈረንሳይ የመጣው በ1867 ነው፤ ተማሪው ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ተከተለ፣ በ1923 አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ ከእስራኤል መምህራን መጡ። ኮከቡ በየጉልላቱ ላይ የወጣው በዚህ የግንኙነት ዘመን ነው። ወለቃ ላይ ጎብኚ የሚያየው ኮከብም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው። ከዚያ በፊትስ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ አንድ ሚስዮናዊ የእነሱን ጸሎት ቤት ከሩቅ የሚለየው አናቱ ላይ የተደፋው ቀይ የሸክላ ማሰሮ እንደነበር ጽፏል። ሴቶቻቸው ሸክላ ሠሪዎች እንደነበሩ ለምናውቅ ሰዎች ይህ አይገርምም። ስለዚህ በቤቱ ዙሪያ ቀይ ገል ብታገኙ ከያዘው ቦታ አታንሱት፤ ፎቶ አንሡና ተዉት። ፎቶአችሁ ላይ ጉልላቱ ባዶ ነው። እስራኤል ያሉት ሽማግሌዎች «የኛ መስጊድ ኮከብ ነበረው» ካሉ ኮከቡ በነበረበት መጠን ይመለስ። ካላሉ ባዶውን ይቆይ።

ጓሮው ላይ ያለውን የድንጋይ ክምርም «ለመሠረት ይሆነናል» ብለው ጽፈዋል። አይነካ። ቤተ እስራኤል የፋሲካውን በግ የሚሠዉት በመስጊዱ ቅጥር ግቢ ነበር። ያ ክምር የመሠዊያው ቅሪት ሊሆን ይችላል፤ የእርሻ ድንጋይም ሊሆን ይችላል። ከመንደሩ ዳር ሌላ ትንሽ የድንጋይ ክበብ ካለም የመርገም ጎጆ፣ ሴቶች በወር አበባቸው ጊዜ የሚለዩበት ቤት፣ አጥር ሊሆን ይችላልና ለመኪና ማቆሚያ ብላችሁ አትጥረጉት። መስጊዱ ብቻውን ተነጥሎ ሲቆም ጎጆ ነው። ምን እንደነበር የሚናገሩት የውሃ ምንጩ፣ ግቢውና ዳር ያለው ክበብ አብረው ሲታዩ ነው።

እንግዲህ ወደ ግድግዳው። ያበጠበት ምክንያት ከፎቶው ግልጽ ነው፤ ከላይ በኩል ያለው ተዳፋት አፈሩን እያመጣ ግድግዳው ሥር ከምሮታል። ክዳኑ በዚያው ጎን ሲሳሳ ውሃው ቀጥታ ግድግዳው ላይ ወረደ፤ ከታች የተከመረው አፈር ደግሞ ርጥበቱን ይዞ የቋሚዎቹን እግር አበሰበሰ። እግሩ የበሰበሰ ቋሚ ሲሰምጥ ምርጊቱ ወደ ውጭ ይገፋል። ይኼ ነው እብጠቱ። ምስጥም ካለ፣ ሳይኖር አይቀርም፣ የሚመጣው በዚያው በኩል ነው።

በዚህ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን የሚሆነውን ልንገራችሁ። ጭድ ገብቶበት የቦካ ጭቃ ርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ይተፋል፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይጨማደዳል። ሲሚንቶ ይህን አያውቅም፤ ደረቅ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል፣ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ከውጭ ቤቱ አዲስ ሆኖ ያምርባችኋል፣ ከውስጥ እንጨቱ ይበሰብሳል። አንድ የገጠር ቤት ላይ እንዲህ ያለውን ልስን ስናነሣ ሲሚንቶው እንደ ዕንቁላል ቅርፊት ብቻውን ቆሞ፣ ከኋላው የነበረው ማገር በእጄ ስነካው ዱቄት ሆኖ ፈስሷል። በጭቃ የተመረገ ግድግዳ ሲጎዳ ያስታውቃል። በሲሚንቶ የተሸፈነው የሚያስታውቀው ሲወድቅ ነው።

ቆርቆሮውን በተመለከተ ግን ብዙዎች የሚጠብቁትን ያህል አልከራከርም። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፣ በየጥቂት ዓመቱ ሣር ፍለጋ አያስኬድም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ባለቤቶቹ ራሳቸው በቆርቆሮ የከደኗቸው ጸሎት ቤቶች ነበሩ። ያኔ ቆርቆሮ መክደን የዕድገት ምልክት ነበር፤ «ሐሰተኛ» የሚለው ማን ነው? የናንተ ቤት ችግሩ ሌላ ነው። ክብ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ የሚለብሰው በሦስት ማዕዘን እየተቆረጠ ነው፤ መገጣጠሚያው ይበዛል፣ በየመገጣጠሚያው ያፈሳል። ቀላል ስለሆነ ነፋስ ያነሣዋል፤ ያረጁት ወራጆች ደግሞ ሚስማር አይዙም። ሠራተኛ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ክፈፉን ያሳጥረዋል፣ ውሃውም በቀጥታ ግድግዳው እግር ላይ ይወርዳል። ማለትም የአሁኑን በሽታ በአዲስ ዕቃ ትደግሙታላችሁ። ባለቤቶቹ መውጣት ከጀመሩበት ከ1984 በፊት ቤቱ ቆርቆሮ ለብሶ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ከተገኘ እንደገና እንነጋገር።

ሣርም ቢሆን ያለ ዕዳ አይመጣም። የሰው ጎጆ ሣሩ የሚቆየው ከሥሩ ምድጃ ስላለ ነው፤ ጭሱ ተባዩን ያባርራል፣ ክዳኑን ያደርቃል። መስጊድ ምድጃ የለውም። ሰው የማይገባበት ቤት ከሆነ ደግሞ ሣሩ ከጎረቤት ጎጆ ቀድሞ ያረጃል። ስለዚህ በሣር ስንከድን ለአንድ ጊዜ ሥራ ሳይሆን ለጠባቂ ጭምር መክፈል እንዳለባችሁ ከአሁኑ ተስማሙ። ለዚህ ገንዘብ ከሌላችሁ ቤቱን አለመንካቱ ይሻላል፤ በሚገባ ለክቶ፣ ስሎ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ የሽማግሌዎቹን ቃል ቀድቶ መተው ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ እኔ አላፍርበትም።

የምመክረው ይህን ነው። ለክረምት መድረስ የሚባለውን ነገር እርሱት። ጥሩ ሰንበሌጥ የሚታጨደው ክረምቱ አልፎ ሣሩ ከደረቀ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ አሁን በሚያዝያ የምታገኙት ከብት የተረፈው ነው። ዘንድሮ አራት ነገር ብቻ አድርጉ። ከላይ በኩል የተከመረውን አፈር በእጅ፣ ቀስ ብላችሁ ከግድግዳው አርቁ፤ ያገኛችሁትን ገልም ድንጋይም የት እንደነበረ መዝግቡ። ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ውሃውን ወደ ጎን የሚቀለብስ ቦይ ቆፍሩ። ከዚያ በቤቱ ላይ ሳይሆን ከቤቱ በላይ፣ በራሱ እንጨት የቆመ ዳስ ሠርታችሁ ሸራ ወጥሩበት። ሸራው ሣሩ ላይ ከተኛ ያልበዋል፣ በአንድ ክረምት ያበሰብሰዋል፤ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይኑረው። ያበጠውን ግድግዳ በአጣና ደግፉት እንጂ ወደ ውስጥ ለመመለስ አትግፉት።

በታኅሣሥ ሣሩ ሲታጨድ እግራቸው የበሰበሰውን ቋሚዎች አንድ በአንድ ቀይሩ፤ ወይራ ወይም ጥድ ብታገኙ መልካም፣ ካልሆነ የደረቀ ባሕር ዛፍ። ያልበሰበሰው አይነቀል። ክዳኑን አድሱ፣ ክፈፉን አርዝሙ። ከክዳኑ በኋላ የወደቀውን ብቻ በጭድና በቦካ ጭቃ መርጉ፣ በአዛባ ለቅልቁ። ውስጡ እንዳለ ይቆይ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ፈቃድ ያስፈልጋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ይኼኛው በኛ አቆጣጠር ነው፣ ቅርስ ለመጠገን አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በክልሉ ባህልና ቱሪዝም በኩል ጀምራችሁ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። ጎንደር ያሉት የፋሲል ግቢና ሌሎቹ በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ቢሆንም የቤተ እስራኤል መንደሮች በዚያ መዝገብ ውስጥ የሉም። እንግዲህ ከውጭ ጠባቂ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። መሬቱን የያዘው ገበሬም በወረቀት ያልተጻፈ መብት አለው፤ ከቀበሌው ጋር ስትነጋገሩ እሱም ይቀመጥ። የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁና ከጎንደር ባለሙያ ይዤ እመጣለሁ ብላችሁ ቀን አትቁረጡ።

ሁለት ጥሪ ከስልካችሁ አድርጉ። አንደኛው እስራኤል ላሉት የመንደሩ ቄሶችና አረጋውያን ነው፤ የውስጡ ክፍል የት እንደነበር፣ በጉልላቱ ላይ ምን እንደነበር፣ ቤቱ ዳግም ለጸሎት ወይስ ለመታሰቢያ እንዲሆን እንደሚፈልጉ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ከኮሚቴያችሁ ድምፅ በፊት የነሱ ይሰማ።

ሁለተኛው ወደ መንደሩ ነው። የአካባቢው ቤተ እስራኤል ከፊሉ በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል ወጣ፤ በግንቦት 1991 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዘ። እርስዎ እንደጻፉት መንደሯ ከዚያ ወዲህ ከነሱ ባዶ ናት። የሣር ክዳን ሳይነካ ሠላሳ ዓመት አይቆይም፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ሣር ደግሞ የሠላሳ ዓመት አይደለም። ስለዚህ ባለቤቶቹ ከሄዱ በኋላ ማንም ሳያዝዘው፣ ማንም ሳይከፍለው ይህን ቤት የከደነ ጎረቤት አለ፤ ምናልባትም ከአንድ ጊዜ በላይ። «መስጊድ ነበር» ያሉትን ሽማግሌ ማን እንደከደነው ይጠይቋቸው። እሳቸው ራሳቸው ቢሆኑ አይደንቀኝም። የሲሚንቶውን ገንዘብ ለዚያ ሰው ስጡ፤ የታኅሣሡን ሣር የሚመርጠውም እሱ ይሁን።